ነፍሰ ጡር በጀርባዋ አትተኛ የሚባለው ለምንድን ነው?

ከ20ኛው ሳምንት ገደማ በኋላ ነፍሰ ጡር ሴት በጀርባዋ ስትጋደም፣ የከበደው ማህፀን ከአከርካሪዋ በስተቀኝ የሚያልፈውን ትልቁን ደም መልስ ይጫነዋል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ስለሚያንስ ግፊቷ ይወርዳል። አንዳንዷን የአልትራሳውንድ አልጋ ላይ ድንገት የሚያጥወለውላትና የሚያልባት ለዚህ ነው። ወደ ጎን ስትዞር አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይሻላታል።

ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ በጎን መተኛት ይመከራል። ግራ ይመረጣል ቢባልም ቀኙም አይከለከልም። ሌሊት በጀርባዋ ሆና ብትነቃ ዞራ ትተኛ፤ በዚህ ተጨንቆ እንቅልፍ ማጣት ምንም አይጠቅማትም።

እግር ሲያብጥ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የሁለቱም ማታ ማታ ማበጥ የተለመደ ነው። አንዱ ብቻ፣ በተለይ ግራው፣ አብጦ ካመመ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ሐኪም ይየው።