ነጋድራስ ምንድን ነው? ሀብታም ነጋዴ ማለት ግን አይደለም

ባለፈው ሳምንት ደሴ ሸዋ በር አካባቢ አዲስ የተከፈተ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ላይ ባነር ተሰቅሎ አየሁ። የባለቤቱ ፎቶ አለ፣ ከሥሩ በትልቁ «የዘመናችን ነጋድራስ» ይላል። ሰውየውን አውቃቸዋለሁ። ሠርተው ያገኙ ቅን ሰው ናቸው፣ ሀብታቸውን ይባርክላቸው። ቃሉ ግን አንገበገበኝ። ሽልማት ሲሰጥ ነጋድራስ፣ ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ነጋድራስ፣ ሠርግ ላይ አባ ወራው ሲተዋወቁ ነጋድራስ። ይባስ ብሎ አንድ ተንታኝ «ነጋድራስ ማለት የዛሬው የኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነው» ሲል ሰማሁት። ታሪክ አስተምራለሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ቃሉ የነጋዴዎች ራስ ማለት ነው። እዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ስህተቱ የሚጀምረው «ራስ» የሚለውን «አንደኛ» ብለን ስናነበው ነው። ራስ ሚካኤል ሲባል ከወሎ ሰው ሁሉ ሀብታሙ ማለት ነው እንዴ? አይደለም። የወሎ አዛዥ ማለት ነው። ነጋድራስም እንደዚያው ነው። በነጋዴዎች ላይ የተሾመ፣ ነጋዴዎች የሚታዘዙት ሰው ነው። ሹመት ነው እንጂ የሀብት ደረጃ አይደለም።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ መናኸሪያውን ነው የምጠቅስላቸው። ማለዳ መናኸሪያ ግቡ። ረዳቱ «ወልድያ! ወልድያ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። ተራ አስከባሪው ደግሞ ደብተሩን ይዞ ጥግ ላይ ቆሟል። መኪና የለውም። መንጃ ፈቃድም ላይኖረው ይችላል። እሱ ሳይፈቅድ ግን አንድ ሚኒባስ ንቅንቅ አይልም። ከየመኪናው ይቀበላል፣ ከተቀበለውም ለበላዩ ያስገባል። ሁለት ሾፌሮች በተሳፋሪ ሲጣሉ የሚዳኛቸው እሱ ነው። ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ መኪና ካለም መጀመሪያ የሚያናግረው እሱን ነው። አሁን እዚያው ግቢ ውስጥ ሦስት አውቶቡስ ያላቸውን ባለሀብት አስቡ። የናጠጡ ሀብታም ናቸው። ተራ አስከባሪ ግን አይባሉም። መኪናቸውም ተራ ይጠብቃል።

ነጋድራስ ተራ አስከባሪው ነው። ቱጃሩ ባለ ሦስት አውቶቡሱ ነው።

ምሳሌው እስከ መጨረሻው አያስኬድም። ተራ አስከባሪ ሰው አያስርም፣ ነጋድራስ ግን ያስር ነበር። ተራ አስከባሪ ከጎንደር እስከ ምፅዋ አብሮ አይጓዝም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው፤ ምክንያቱም ቃሉ በአንድ ጊዜ ለሁለት ዓይነት ሰው ያገለግል ነበር።

አንደኛው የሲራራው መሪ ነው። ሲራራ ነጋዴ በቅሎና አህያ ጭኖ፣ ወደ ቆላው ሲወርድ በግመል፣ ለሳምንታትና ለወራት በቡድን የሚጓዝ ነጋዴ ነው። በየአገሩ ኬላ አለ፣ በየኬላው ቀረጥ ይከፈላል። ስንት እንደሚከፈል የሚከራከር፣ የት እንደሚታደር የሚወስን፣ ሽፍታ ያለበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ነጋዴው አደራውን የሚሰጠው ለዚህ ሰው ነው። ሁለተኛው ነጋድራስ የገዢው ሹም ነው። እሱ ከኬላው ወዲያ ማዶ ቆሞ ቀረጡን ይሰበስባል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ጊዜ ሹመቱን የሚይዘው ለገዢው በየዓመቱ ይህን ያህል አስገባለሁ ብሎ ተዋውሎ ነው። ከዚያ በላይ የተገኘው የራሱ ነው። እንግዲህ በአንድ በር ላይ አንዱ ከፋይ፣ ሌላው ተቀባይ ሆነው ሁለት ነጋድራሶች ፊት ለፊት ሊቆሙ ይችላሉ። «ዋና ሥራ አስኪያጅ» የሚለው ትርጉም ከሁለቱ የትኛው ላይ ነው የሚሰፋው?

የሚከፈለው ደግሞ ሁልጊዜ ጠገራ ብር እንዳይመስላችሁ። አሞሌም ነበር። ከአፋር በረሃ ተፈልጦ የሚመጣ፣ ክንድ የማይሞላ ጠፍጣፋ ጨው ነው። እንዳይሰበር ወገቡ ላይ በልጥ ይታሰራል። ከተፈለጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ዝናብ ካገኘው ደግሞ ገንዘብህ ይሟሟል። ዛሬም ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ብትወርዱ ግመሉንም ጨው ሻጩንም ታገኛላችሁ። ደገኛና ቆለኛ፣ አማራ፣ ኦሮሞና አፋር አንድ ሜዳ ላይ ይገበያያል። ገበያው መሀል ቆሜ ሁለት ቋንቋ የሚችል ሰው ሲያደራድር ሳይ፣ የጥንቱ የሲራራ መሪ ምን ይሠራ እንደነበር ከመጽሐፍ ይልቅ እዚያ ይገባኛል።

«ግን ነጋድራሶቹ ሀብታም አልነበሩም ወይ?» ይለኛል ያ ተንታኝ። ብዙዎቹ ነበሩ። ሀብቱን ያመጣው ግን ሹመቱ ነው። ካላመናችሁ በማዕረጉ የታወቁትን ሰዎች እንያቸው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የአድዋ ልጅ ናቸው፣ በጀርመን አገር የተማሩ የኢኮኖሚ አሳቢ ናቸው። ማዕረጉን ያገኙት በድሬዳዋ ጉምሩክ ሹመት እንጂ በሱቅ አይደለም። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሠዓሊና ደራሲ ናቸው፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የእሳቸው ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ደግሞ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ድምፃዊ ናቸው። አሳቢ፣ ደራሲ፣ ድምፃዊ። ሦስቱም ነጋድራስ ናቸው። አንዳቸውንም በቱጃርነት የሚያስታውሳቸው የለም።

አሁን ደግሞ ገልብጡት። ከጣልያን ወረራ በፊት በአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ከነበሩት ታላላቅ ስሞች አንዱ የሕንዶቹ የመሐመድ አሊ ድርጅት ነው። ጣልያኖች እስኪያባርሩት ድረስ በየከተማው እጁ ነበረበት። የዚያን ድርጅት ባለቤት ነጋድራስ ብሎ የጠራ አለ? የለም። ሀብት ቢሆን መመዘኛው ከእነሱ በላይ ማን ይገባው ነበር?

ማዕረጉ ጣራ የነካው በነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ነው። የአዲስ አበባ ነጋድራስ ሆነው ቀረጥ ብቻ አልነበረም ሥራቸው፤ ገበያውን ይቆጣጠራሉ፣ በንግድ የተካሰሰውን ይዳኛሉ፣ የውጭ ዜጋና ያገር ሰው ሲካሰስም ጉዳዩ እሳቸው ዘንድ ይቀርብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ንግዱንም የውጭ ጉዳዩንም ለእሳቸው ሰጡ። (በፈረንጅ መጻሕፍት 1907 ተብሎ ብታዩት አትደንግጡ፣ አቆጣጠሩ ነው። በዚህ የተነሳ ስንት የተማሪ ወረቀት አርሜያለሁ።) ንግድና ውጭ ጉዳይ ለአንድ ሰው መሰጠቱ ነጋድራስነት ምን እንደነበረ ከሁሉ በላይ ያሳያል። ከነጋዴ ጋር የሚነጋገር የመንግሥት አፍ ነበር። ጉምሩክ ዘመናዊ መሥሪያ ቤት እየሆነ ሲሄድ ማዕረጉም ሥራ አጣ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ስለ ጥንቶቹ ነጋድራሶች ከተጻፈልን ብዙው የውጭ ተጓዦች ማስታወሻ ነው። እነዚያ ተጓዦች ነጋድራሱን የሚያገኙት ኬላ ላይ፣ ሣጥናቸው ሲፈተሽና ለቀናት ሲጉላሉ ነው። ዕቃው ተይዞበት ስለ ጉምሩክ ሹም ደግ የሚጽፍ ማን አለ? ስለዚህ «ስግብግብ ነበሩ» የሚለውን ስታነቡ ማን እንደጻፈውና የት ቆሞ እንደጻፈው ጠይቁ።

«ቃል ነው፣ ምን አነጫነጨህ?» የሚሉኝ አሉ። እኛ ወሎዬዎች እንኳን እንዲህ ማለት አይገባንም። ከሐይቅ አለፍ ብላችሁ ውጫሌን ታገኛላችሁ። በ1881 ዓ.ም. እዚያ በተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። መጨረሻው አድዋ ሆነ።

የእኔ ንዴት ግን ከዚህም የቀረበ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ንግድ በአብዛኛው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ነበር፣ ወሎም የእነሱ አገር ነው። ከደሴ አፍንጫ ሥር ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ተደርጎ፣ ሹመት የያዘ ሙስሊም ወይ ሃይማኖቱን ይለውጥ ወይ ሹመቱን ይልቀቅ ተባለ። አስቡት እንግዲህ። ማዕረግ የሚባለው ነገር ለብዙው የወሎ ነጋዴ በሩ ተዘግቶበት ነበር። ጨውና ቡናውን ግን እሱው ነው ያመላለሰው። ዛሬ ትልቅ ነጋዴን ሁሉ ነጋድራስ ስንል፣ ማዕረግ ያልነበረውን ሰው ትልቅ ነጋዴ አልነበረም እያልን ነው። ቅድመ አያታችን በቅሎ እየነዳ አገር ላገር ዞሮ፣ ስሙ የትም ሳይጻፍ፣ አሁን እኛው ራሳችን ሁለተኛ ጊዜ እንሰርዘዋለን።

ቃል ቸግሮን ደግሞ አይደለም። ቱጃር አለ። ባለጸጋ አለ። ሲራራ ነጋዴ የሚባል እንደ ማር የሚጥም ስም አለ። የባነሩን ባለቤት ሱቃቸው ሄጄ ይህንኑ አወራኋቸው። ቡና አስፈሉልኝ፣ በጥሞና አዳመጡኝ። ሁለተኛው ስኒ ላይ «አያቴ እኮ ከባቲ ጨው ይጭኑ ነበር» አሉኝ። ወንበሬን ሳብ አድርጌ ደብተር አወጣሁ። ስንት አህያ ነበራቸው? በየትኞቹ ኬላዎች ያልፉ ነበር? ቀረጡን በአሞሌ ነው የሚከፍሉት በብር? በር ላይ ስለ እነሱ ማን ይናገር ነበር? ሁለቱን ጥያቄ መለሱልኝ። የቀረውን ሐርቡ ያሉት ታላቅ እህታቸው እንደሚያውቁ ነገሩኝና እዚያው ስልክ ደወሉላቸው።