«ንጉሡ ሺህ ዓመት ይንገሥ፣ ክፉ አገዛዝ ይውደም!»

ይህ አባባል በስፔን ሥር በነበረችው ላቲን አሜሪካ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የኖረ ነው። በስፓኒሽ «ቪቫ ኤል ሬይ፣ ሙዌራ ኤል ማል ጎቢየርኖ» ይሉታል። ላይ ላዩን ሲሰሙት እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል። ንጉሡን እየመረቁ አገዛዙን መርገም ይቻላል እንዴ? ይቻላል። ብልሃቱም እዚያው ላይ ነው።

እኛ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» እንላለን። የዚያ አገር ሰውም ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ንጉሡን የተናገረ ከሃዲ ተብሎ አንገቱን ይሰጣል። ስለዚህ ክሱ በሹሙ ላይ ሆነ። «ጌታችን ደግ ነው። ማዶ ሆኖ የሚደርስብንን አላወቀም። የበደለን ቀረጥ ሰብሳቢው ነው» ማለት ነው። ግማሹ ሰው ይህን ከልቡ ያምን ነበር። ግማሹ ደግሞ እንደ ጋሻ ያዘው።

ጩኸቱ አሜሪካ ውስጥ አልተወለደም። በ1647 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስፔን ትገዛ የነበረችው የኔፕልስ ሕዝብ በፍራፍሬ ቀረጥ ተማሮ ሲነሳ ይህንኑ ብሏል። በ1765 ደግሞ የኪቶ ሰፈሮች በአረቄና በሽያጭ ግብር የተነሳ ሲያምጹ እንደገና ተሰማ። የገነነው ግን በዛሬዋ ኮሎምቢያ፣ ሶኮሮ በምትባል ከተማ ነው።

የሶኮሮ ሰው ጥጥ ፈትሎ፣ ሸምኖ፣ ትንባሆ ዘርቶ የሚያድር ነበር። ስፔን በ1779 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገባች። ጦርነት ገንዘብ ይፈልጋል። ጉቲዬሬስ ደ ፒኜሬስ የሚባል ባለሥልጣን ገንዘቡን እንዲያመጣ ተልኮ ነበር። ትንባሆና አረቄ በመንግሥት እጅ ብቻ ሆኑ፣ ዋጋቸውም ተሰቀለ። ከተፈቀደው ቦታ ውጭ የተዘራ ትንባሆ በዘበኞች ተነቀለ። የተረሳ ቀረጥ ከመዝገብ ወጥቶ በጥጡ ላይ ተጫነ። ሰው የገዛ ጓሮው ውስጥ የዘራው ሲነቀል ቆሞ ከማየት በላይ ምን አለ? ቂም የሚያዘው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

መጋቢት 16 ቀን 1781 የገበያ ቀን ነበር። የቀረጡ አዋጅ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ማኑዌላ ቤልትራን የምትባል ሴት ከሕዝቡ መሃል ወጥታ ወረቀቱን ቀደደችው። ገበያው በጩኸት ተናጋ፦ ንጉሡ ሺህ ዓመት ይንገሥ፣ ክፉ አገዛዝ ይውደም!

ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው አልተገኘም። «ኮሙኔሮስ» ተባሉ። ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው ለቦጎታ ቅርብ እስከሆነችው የጨው ከተማ እስከ ሲፓኪራ ተጓዘ። ፒኜሬስ ሸሸ። ዋና ከተማዋን የሚጠብቅ በቂ ወታደር አልነበረም። ሹማምንቱ ሊቀ ጳጳሱን ካባዬሮ ኢ ጎንጎራን ላኩና ድርድር ተጀመረ። ሕዝቡ ያቀረበው 35 አንቀጽ ነበር፤ ቀረጡ ይቅር፣ የትንባሆው ሞኖፖል ይፍረስ፣ ለሹመት የአገሩ ተወላጅ ይቅደም የሚሉ ይገኙበታል። ሁሉም ተፈረመ። ሊቀ ጳጳሱ ባሉበት በወንጌል ተማለ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ቦታ ነው። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» ብሎ ያደገ ገበሬ በወንጌል ሲማልለት ሌላ ምን ዋስትና ይጠይቃል? ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ባለሥልጣናቱ ግን «ተገደን የገባነው ቃል አያስረንም» የሚል ጽሑፍ በስውር አዘጋጅተው ነበር። ካርታሄና የነበረው የንጉሡ እንደራሴም ስምምነቱን ሻረው።

ከአማጺዎቹ መሪዎች አንዱ የነበረው ሆሴ አንቶኒዮ ጋላን ግን መሣሪያውን አላስቀመጠም። በመንገዱ ላይ የማዕድን ባሪያዎችን ነጻ አወጣ። በመጨረሻ ተይዞ የካቲት 1 ቀን 1782 ተገደለ። አካሉ ተቆራርጦ ጭንቅላቱ ወደ ጓዱዋስ፣ ቀኝ እጁ ወደ ሶኮሮ፣ ቀኝ እግሩ ወደ ትውልድ ከተማው ቻራላ ተላከ። ቤቱ ፈርሶ ጨው እንዲዘራበት ተፈረደ። ፍርዱ የተሰጠው በንጉሡ ስም ነው።

ያም ሆኖ አባባሉ ወዲያው አልሞተም። ናፖሊዮን በ1808 ንጉሥ ፈርዲናንድ 7ኛን ከዙፋኑ ሲያወርደው ቅኝ ግዛቶቹ ባለቤት አጡ። ሐምሌ 20 ቀን 1810 ቦጎታ ተነስታ የራሷን ምክር ቤት ስታቋቁም እንኳ ለፈርዲናንድ ታማኝ ነኝ አለች። አንድ ነገር ግን ጨመረች፦ «እዚህ እኛ ዘንድ መጥቶ የሚነግሥ ከሆነ»። የአባባሉ የመጀመሪያው ግማሽ ያኔውኑ መንገዳገድ ጀምሯል።

የጣለው ንጉሡ ራሱ ነው። ፈርዲናንድ በ1814 ዙፋኑ ላይ ተመለሰ። «አላወቀም» የተባለለት ንጉሥ አሁን ሁሉን ያውቃል። መልሱ በ1815 ጄኔራል ሞሪዮን ከ10,000 በላይ ወታደር አስይዞ መላክ ሆነ። ካሚሎ ቶሬስ በ1809 የአሜሪካ ተወላጆች ከስፔኖች እኩል ወኪል ይኑራቸው ብሎ አቤቱታ የጻፈ የሕግ ሰው ነበር። በ1816 በጥይት ተገደለ፤ ጭንቅላቱም በአደባባይ ተሰቀለ። ከዚህ በኋላ በሹም የሚያመካኝ ማን ይኖራል?

ነሐሴ 4 ቀን 1819 የቻራላ ሕዝብ ፒየንታ ወንዝ ድልድይ ላይ የንጉሡን ጦር ገጠመ። ብዙ ሰው አለቀ። ጦሩ ግን ወደ ዋናው ውጊያ በጊዜ ሳይደርስ ቀረ። ከሦስት ቀን በኋላ የነጻነት ጦር መሪው ቦሊቫር ቦያካ ላይ አሸነፈ።

የአባባሉ ሁለተኛው ግማሽ ዛሬም በሕይወት አለ። በሜክሲኮ ቺያፓስ ግዛት ያሉት ዛፓቲስታ የሚባሉ አማጺዎች የአገሪቱን መንግሥት «ማል ጎቢየርኖ»፣ ክፉ አገዛዝ እያሉ ይጠሩታል። በ2003 አቋቁመው እስከ 2023 ያቆዩዋቸውን የራሳቸውን ምክር ቤቶች ደግሞ «የመልካም አስተዳደር ሸንጎ» ይሏቸው ነበር።