«እውነት ተናግሮ የመሸበት ማደር»

በእግር ይኬድ በነበረበት ዘመን መንገደኛ ምሽትን አብዝቶ ይፈራ ነበር። ጀንበር ሳትጠልቅ ካሰበበት ለመድረስ ይገሰግሳል፤ ከመሸ ጅብ አለ፣ ሽፍታ አለ፣ ጥልቀቱን የማያውቀው ወንዝ አለ። ሳይደርስ ከመሸበት ጭስ ወደሚታይበት ጎጆ ጠጋ ብሎ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ካሉት ይገባል። ካላሉት ከዛፍ ሥር ኩርምት ብሎ ያነጋል።

አባባሉ የተቀዳው ከዚህ ኑሮ ነው። ዛሬ በመኪና ስለምንጓዝ «የመሸበት ማደር» የሚለው የግዴለሽ ንግግር ይመስለናል። ምሽትን የሚያውቁት ቀደምቶቻችን ግን ቃሉን አቅልለው አልተናገሩትም። እውነት መናገር መጠለያ ሊያሳጣ እንደሚችል፣ የተናገረው ሰው የዚያን ዕለት ማታ የት እንደሚጠጋ ላያውቅ እንደሚችል ተረድተው ነው ያሉት።

የአባባሉን ሰዋስው ልብ በሉት። «ተናግሮ» ቦዝ አንቀጽ ነው፤ «ማደር» ንዑስ አንቀጽ። «ተናገር» ብሎ አያዝም፤ «የተናገረ ይድናል» ብሎም ተስፋ አይሰጥም። ቅደም ተከተሉን ብቻ ያስቀምጣል፦ መጀመሪያ እውነቱ፣ ከዚያ ማደሪያው። ውሸት ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። ዋሾ በመጀመሪያ የሚያድርበትን ቤት ያያል፤ ከዚያ ለባለቤቱ ጆሮ የሚጥመውን ይናገራል። በወንድሙና በጎረቤቱ የድንበር ክርክር ለምስክርነት የተጠራ ሰው አስቡ። መሬቱ የጎረቤቱ መሆኑን ያውቃል፤ ማታ እራት የሚበላው ግን ከወንድሙ ቤት ነው። አባባሉ የሚናገረው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

«ማደር» መገዛት፣ ማገልገልም ነው። ለጥቅሙ ሲል እውነትን የሸጠውን «ሆድ አደር» የምንለው ለዚህ ነው። ሆድ አደር መቼም አይመሽበትም፤ ሁልጊዜ የሚገባበት ደጅ አለው። ቃሉ ከግእዙ «ኀደረ» የመጣ ሲሆን የመጽሐፍ ማኅደርም ከዚያው ግንድ ነው። ዳዊት የሚደግሙ አባቶች ይህንኑ ግስ በ14ኛው መዝሙር መግቢያ ላይ ያገኙታል፦ «እግዚኦ መኑ የኀድር...»። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «አቤቱ፥ በድንኳንህ ውስጥ ማን ያድራል?» ተብሏል። ከመልሶቹ አንዱ በልቡ እውነትን የሚናገር ነው።

ይህን መዝሙር ባነበብኩ ቁጥር አባባላችን ትዝ ይለኛል። እውነት ተናግሮ ደጅ የተዘጋበት ሰው በማን ድንኳን ያድራል? መዝሙረኛው የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ደግሞም «በአፉ» አላለም፤ «በልቡ» ነው ያለው። ሰው ለሌላው ከመዋሸቱ በፊት ለራሱ ይዋሻል። «ይህ እኮ ውሸት አይደለም፤ ነገር ማብረጃ ነው» እያለ ልቡን ካባበለ በኋላ አፉ አይቸገርም። ስለዚህ የእውነት የመጀመሪያው ችሎት ማንም የማይሰማው የውስጥ ንግግር ነው።

በአባባሉ አለቦታው ስንገለገልበት በጣም አዝናለሁ። ሰው የጓደኛውን ገመና በአደባባይ ይዘረግፍና «እውነት ተናግሮ የመሸበት ማደር ነው» ይላል። በዚህ ንግግር የሚመሸው በተናጋሪው ላይ ሳይሆን በጓደኛው ላይ ነው። አባባሉ ዋጋውን ያሸከመው ተናጋሪውን ነው፤ ዋጋውን ሌላ ሰው ከከፈለው ነገሩ ሐሜት ነው። ያው መዝሙርም እውነትን የሚናገረውን ባመሰገነበት አፍ፣ ወዲያው ቀጥሎ በባልንጀራው ላይ ክፉ የማያደርገውን ያነሣል።

በእስልምና ታሪክ ውስጥ የዚህን አባባል ሙሉ ትርጉም የማይበት ሰው ከነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦች አንዱ የነበረው ከዕብ ኢብኑ ማሊክ ነው። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ ሙሐመድ ከመዲና በስተሰሜን ወዳለችው ተቡክ ሲዘምቱ ከዕብ ያለ ምንም ምክንያት እዚያው መዲና ቀረ። ነቢዩ ሲመለሱ የቀሩት ከ80 በላይ ሰዎች እየመጡ ሰበብ ደረደሩ፤ ማሉም። መሐላቸው ተቀባይነት አገኘ፤ የልባቸው ነገር ለአላህ ተተወ። ከዕብ ባለቅኔ ነበር፤ አንደበተ ርቱዕ ነበር፤ ሰበብ መፍጠር አያቅተውም ነበር። ዛሬ በውሸት ቢያስደስታቸው ነገ አላህ እንደሚያስቆጣቸው አስቦ ግን «ምንም ምክንያት አልነበረኝም» አለ። ነቢዩም እውነት መናገሩን መስክረው፣ አላህ እስኪፈርድ ድረስ እንዲጠብቅ አሰናበቱት።

ከዚያ መሸበት። እንደ እርሱ እውነቱን ከተናገሩ ሁለት ሰዎች ጋር ማንም እንዳያነጋግረው ታዘዘ። በገበያ ቢዞር የሚያናግረው ጠፋ፤ የሚወደው የአጎቱ ልጅ እንኳ ሰላምታውን አልመለሰለትም። የዋሹት ግን በሰላም ቤታቸው ያድሩ ነበር። በዚህ መሀል በሶርያ በኩል ከነበረው የዓረብ ግዛት፣ ከጋሳን ንጉሥ ደብዳቤ ደረሰው፤ ጌታህ (ነቢዩን ማለቱ ነው) እንዳራቀህ ሰምተናል፣ ወደ እኛ ና፣ እንንከባከብሃለን የሚል። ለሆድ አደር ከዚህ የተመቸ ማደሪያ አይገኝም። ከዕብ ደብዳቤውን እሳት ውስጥ ጨመረው።

50 ሌሊት እንዲህ አለፈ። ቁርኣን በተውባ ምዕራፍ፣ ምድር ከነስፋቷ እንደጠበበቻቸው የሚናገረው ስለ እነዚህ ሦስት ሰዎች ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው አንቀጽም አማኞች ከእውነተኞች ጋር እንዲሆኑ ያዛል። በ50ኛው ሌሊት ንጋት ከዕብ በቤቱ ጣሪያ ላይ ሰግዶ እንደተቀመጠ፣ ከተራራ ላይ አንድ ሰው በከፍተኛ ድምፅ ሲጣራ ሰማ፦ «ከዕብ ሆይ፣ ተበሰር!» ንስሐው ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። የምሥራቹን ላመጣለት ሰው የለበሰውን ልብስ አውልቆ ሰጠው። ሌላ ልብስ ስላልነበረው ተውሶ ለበሰና ወደ መስጊድ ሄደ።