«ፌዴራል» ሲባል እኛ የምንሰማውና እነርሱ የሚሉት፦ ስለ ቮልት ኔዘርላንድስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኔዘርላንድስ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ስደተኞች ስለ አገሩ አስተዳደርና ሕግ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። ምርጫ በቀረበ ቁጥር ስለ አንድ ትንሽ ፓርቲ የሚነገረውን ያንኑ ስሕተት አርማለሁ፤ በሚቀጥለው ምርጫ ደግሞ እንደ አዲስ እሰማዋለሁ። ፓርቲው ቮልት ኔዘርላንድስ ይባላል። የድንበር ዘለሉ የቮልት እንቅስቃሴ አካል ሲሆን፣ እንቅስቃሴውን አንድርያ ቬንዞን የተባለ ጣሊያናዊ፣ ኮሎምብ ካሄን-ሳልቫዶር የተባለች ፈረንሳዊትና ዳሚያን ቦዘላገር የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2017 መሠረቱት። ዕለቱ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት እንደምትወጣ በይፋ ያሳወቀችበት ነው። የፓርቲው ደጋፊም አባልም አይደለሁም፤ ሰው ባልተረዳው ነገር ላይ ሲፈርድ ማየት ግን ያስቆጨኛል።

ከሁሉ በላይ የሚያደክመኝ «ፌዴራሊስት ከሆኑ ከፋፋዮች ናቸው» የሚለው ነው። ቮልት ፌዴራላዊ አውሮፓን እንደሚሻ በተናገርኩ ቁጥር ከክፍሉ የሚመጣው መልስ አንድ ነው፤ «ፌዴራል? እኛ ከእሱ ሸሽተን አይደል እንዴ የመጣነው?» ስሜቱን እረዳለሁ። ቃሉ በእኛ ጆሮ የሚያስታውሰው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ያቆመውን ሥርዓት ነው፤ ይኸውም ለረጅም ዘመን ከአንድ ማዕከል ሲተዳደር የኖረ አገር ሥልጣኑን ወደ ክልሎች ያወረደበትን፣ ክልሎቹ በአብዛኛው በብሔርና በቋንቋ የተሠመሩበትን፣ አንቀጽ 39 ደግሞ እስከ መገንጠል የሚደርስ መብት ያሰፈረበትን ሥርዓት ነው። የአውሮፓ ፌዴራሊስቶች መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። መነሻቸው የየራሳቸው ጦር፣ የየራሳቸው ግብርና የየራሳቸው የውጭ ፖሊሲ ያላቸው 27 መንግሥታት ናቸው፤ የሚጠይቁትም ከእነዚህ ሥልጣኖች የትኞቹ ለጋራ መንግሥት ይሰጡ ብለው ነው። እኛ ዘንድ ሥልጣን ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ እነርሱ ከታች ወደ ላይ ይውጣ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1941 ጣሊያናውያኑ አልቲዬሮ ስፒኔሊና ኤርኔስቶ ሮሲ የሙሶሊኒ መንግሥት ባጋዘባቸው የቬንቶቴኔ ደሴት ሆነው የአውሮፓን ፌዴሬሽን ሐሳብ ሲጽፉ፣ ዓላማቸው መንግሥታት በየራሳቸው ብሔርተኝነት ዳግመኛ እንዳይተላለቁ ማሰር ነበር። ሐሳቡን መንቀፍ ይቻላል፤ ከፋፋይ ብሎ መንቀፍ ግን አይቻልም።

አንድ ጊዜ ከኋላ ወንበር የተቀመጡ ኤርትራዊ አባት እጃቸውን አነሡና «የእኛስ ፌዴሬሽን? ከ10 ዓመት በላይ መች ቆየ?» አሉኝ። በማስተማር ዘመኔ ከተጠየቅሁት ሁሉ የተሻለው ጥያቄ ይህ ነው። በእርግጥም እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1962 የቆየው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፌዴሬሽን፣ ሁለት ወገኖችን ያገናኘ በመሆኑ፣ ከዛሬዎቹ ክልሎች ይልቅ ለአውሮፓው ሐሳብ ይቀርባል። ነገር ግን የተወሰነው በተባበሩት መንግሥታት ነበር፤ የፌዴራሉ ሥልጣን በተግባር የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሥልጣን ነበር፤ ሁለቱ ሲጣሉ የሚዳኝ ገለልተኛ ፍርድ ቤትም አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት አባላት የገቡት በየራሳቸው ፈቃድ በፈረሙት ውል ነው፤ ሲጣሉ ሉክሰምበርግ ያለው ፍርድ ቤት ይዳኛቸዋል፤ መውጣት የፈለገም በአንቀጽ 50 መሠረት ይወጣል፤ ብሪታንያ ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ወጥታለች። እኝህ አባት በጽሞና ሰምተውኝ ሲያበቁ «እንግዲያስ ስሙን ቢለውጡት ይሻላቸው ነበር» አሉ። የአውሮፓ ኅብረትን ባቋቋመው በማስትሪኽት ውል ድርድር ጊዜ «ፌዴራል» የሚለው ቃል ከረቂቁ የተፋቀው ብሪታንያ ሥልጣንን ሁሉ የኅብረቱ መቀመጫ ወደሆነችው ብራስልስ የሚጠቀልል አድርጋ ስለሰማችው ነበር። አንዱ ቃል ለእንግሊዙ መጠቅለል፣ ለእኛ መበታተን ሆኖ ተሰማ።

ከዚሁ ጋር «ትልልቆቹ አገሮች ትንንሾቹን ይውጣሉ» የሚል ስጋት ይነሣል። ከአውሮፓ ፓርላማ 720 መቀመጫዎች ጀርመን 96፣ ኔዘርላንድስ 31፣ ማልታ ደግሞ 6 አላቸው። የሕዝባቸውን ብዛት ሲያሰሉት አንድ የማልታ ተወካይ ወደ 90,000 ሰዎች፣ አንድ የጀርመን ተወካይ ከ850,000 በላይ ሰዎች ይወክላል። አድልዎ አለ ከተባለ ለትንንሾቹ ነው።

«የብራስልስ ቅርንጫፍ ነው» ይባላል። አይደለም፤ የየአገሩ ቮልት በየአገሩ ሕግ የተቋቋመ፣ የራሱ አባላት፣ መሪዎችና የዕጩዎች ዝርዝር ያለው ፓርቲ ነው፤ የጋራ የሆነው መርሐ ግብሩና ስሙ ነው። እንዲያውም አሁን ያለውን የብራስልስ አሠራር አጥብቆ ይተቻል፤ ሕግ የማመንጨት ሥልጣን የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል ለሆነው ለኮሚሽኑ ብቻ መሰጠቱን፣ በውጭ ጉዳይም አንድ መንግሥት ብቻውን ውሳኔ ማገድ መቻሉን ሊለውጥ ይፈልጋል። በአውሮፓ ፓርላማ ከአረንጓዴዎቹ ቡድን ጋር እንዲቀመጥ የተወሰነውም በአባላት ድምፅ ነው።

ከውጭ በሚላክ ገንዘብ ይኖራል የሚሉም አሉ። የኔዘርላንድስ ሕግ ከ2023 ጀምሮ ፓርቲዎች ከውጭ አገር ልገሳ እንዳይቀበሉ ይከለክላል፤ ከአንድ ለጋሽም በዓመት ከ100,000 ዩሮ በላይ አይፈቅድም።

«ትንሽ ስለሆነ ድምፅ ያባክናል» የሚለው በጀርመን ለፌዴራሉ ምክር ቤት ምርጫ ሚዛን ይደፋ ይሆናል፤ እዚያ የ5 በመቶ ገደብ አለ። በኔዘርላንድስ ግን ገደብ የለም፤ ከ150 የታችኛው ምክር ቤት መቀመጫዎች የአንዱን ድርሻ፣ ማለትም የአንድ በመቶን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ድምፅ ያገኘ ይገባል። ቮልት በ2021 በ2.4 በመቶ 3 መቀመጫ አገኘ፤ በ2023 ወደ 2፣ በ2025 ወደ 1 ወረደ። በ2024ቱ የአውሮፓ ምርጫ ደግሞ በ5.1 በመቶ 2 ተወካዮችን ልኳል። አንድ ሰው ብቻውን በሁሉም ኮሚቴ ሊገኝ እንደማይችል ግልጽ ነው፤ ድምፁ ባከነ የሚባለው ግን ጭራሽ ተወካይ ሳይገኝበት ሲቀር ነው።

ወገኖቼን በቀጥታ የሚጎዳው «እኛ ዜጋ ስላልሆንን አይመለከተንም» ማለት ነው። ለታችኛው ምክር ቤት ለመምረጥ ዜግነት ያስፈልጋል፤ እውነት ነው። ለማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት ግን 18 ዓመት የሞላውና 5 ዓመት ሳያቋርጥ በሕጋዊ መንገድ የኖረ የውጭ ዜጋ ሁሉ ይመርጣል፤ ይህ መብት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ይሠራል። ቮልትም በዚያው ምርጫ ይወዳደራል፤ በ2022 ከአምስተርዳም ምክር ቤት 45 መቀመጫዎች 2 አግኝቷል። ሰባት ዓመት የኖረች አንዲት ተማሪዬ ስቴምፓሱ፣ ማለትም የመምረጫ ካርዱ፣ በፖስታ ሲመጣላት የማስታወቂያ ወረቀት መስሏት ጥላዋለች። በደረሳት በሳምንቱ ስትነግረኝ ሌላ እንዲሰጣት አብረን ማዘጋጃ ቤት ሄድን።

ስለዚህ ስቴምፓሱ ከምርጫው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሊደርሳችሁ ስለሚገባ፣ እስከዚያ ድረስ የፖስታ ሣጥናችሁን በየቀኑ ተመልከቱ። ስቴምፓሱንና የመኖሪያ ፈቃድ ካርዳችሁን አንድ ላይ አስቀምጡ፤ የሚጠየቁት ሁለቱም ናቸው። የምርጫ ወረቀቱ ሲዘረጋ ጠረጴዛ የሚሸፍን ስለሆነ አያስደንግጣችሁ፤ እያንዳንዱ ዓምድ የአንድ ፓርቲ ነው። የምትፈልጉትን ፓርቲ፣ ቮልትም ይሁን ሌላ፣ ዓምዱን ፈልጉ፤ ከስሞቹ አጠገብ ካሉት ክቦች አንዱን ብቻ እዚያው በምታገኙት ቀይ እርሳስ ቀቡ፤ ሌላ ምንም አትጻፉበት፤ ከዚያ አጥፋችሁ ሣጥኑ ውስጥ ክተቱት።