«ሌላም ቦታ እናሳየው» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

አራት ኪሎ አካባቢ ሕፃናት አክማለሁ። እነዚህን አባባሎች ያልሰማሁበት ሳምንት የለም።

«ጥርስ ሊያወጣ ስለሆነ ነው የሚያስቀምጠው።» አይደለም። በዚያ ዕድሜ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፤ ጀርሙም አብሮ ይገባል። ኦአርኤስ ስጡት። ዚንኩን ደግሞ ተቅማጡ ቢቆም እንኳ እስከ 10 ቀን ጨርሱለት። ግግ ይነቀልለት የሚል ዘመድ ካለ ከልጁ አርቁት።

«መርፌ ካልተወጋ አልታከመም።» ጉንፋን የቫይረስ ነው። አንቲባዮቲክ በመርፌም ይሁን በሽሮፕ ምንም አያደርገውም።

«የ9 ወሩ ክትባት የመጨረሻው ነው።» የኩፍኝ ሁለተኛው ዙር በ15 ወር ይሰጣል። ያቋረጠ ልጅም ከዜሮ አይጀምርም፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

«ጤና ጣቢያ ለክትባት ብቻ ነው።» ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚታከሙበት ክፍል አለው እኮ! ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ፣ የሚያስለው ልጅ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ይጠረጠራል። ይህን ለመቁጠር ጥቁር አንበሳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ሰዓትና ትዕግሥት ያለው ባለሙያ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ለማንኛውም ሌላም ቦታ እናሳየው።»

ወላጆች ይህን ጥንቃቄ ነው ይላሉ። ሰኞ ፒያሳ፣ ረቡዕ ካዛንቺስ፣ አርብ ደግሞ ጎረቤት «እጁ ፈዋሽ ነው» ያለችው ሐኪም ዘንድ። ሁሉም ልጁን እንደ አዲስ ያየዋል። የፊተኛው ያዘዘው መድኃኒት ሳይሠራ ሌላ ይታዘዛል።

በቅርቡ አንዲት አያት የሁለት ዓመት ልጅ ይዘው መጡ። «እማማ፣ ምን ምን እየወሰደ ነው?» ስላቸው ፌስታላቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። ሁለት ሽሮፕ፣ ስማቸው የተለያየ። ውስጣቸው ግን ያው ፓራሲታሞል። በዚያ ላይ በመቀመጫ የሚሰጠው፣ እሱም ፓራሲታሞል! «ሁሉም የትኩሳት ነው ብለውኛል። ሲብስበት ሁሉንም እሰጠዋለሁ» አሉኝ። እሳቸው አላጠፉም። ያዘዙትም ሐኪሞች፣ ለየብቻ ካየናቸው፣ አላጠፉም። ፓራሲታሞል ሲበዛ ግን ጉበት ይጎዳል፤ ጉበት ደግሞ ማን አዘዘው ብሎ አይጠይቅም።

ክብደትም እንዲሁ ነው። ዛሬ 9 ኪሎ ሆነ ቢሉኝ ብቻውን ብዙም አይነግረኝም። ከሦስት ወር በፊትም 9 ከነበረ ግን ያሳስበኛል። ያንን የፊተኛውን ቁጥር ከየት ላምጣው? ሌላ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

ልጅ አንድ ቋሚ የሕክምና ቦታ ይኑረው የሚለው ሐሳብ የኔ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1967 ያነሳው፣ ረጅም ክትትል የሚፈልጉ ልጆች መዝገብ በየቦታው ተበታትኖ ስላስቸገረ ነው። መጀመሪያ መዝገቡ አንድ ቦታ ይሁን ተባለ። በኋላ ሰፋ፤ ልጁ ቋሚ የክትትል ቦታ ይኑረው፣ ቤተሰቡም አብሮ ይወስን ተባለ። እኛ አገር የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ድረስ ትመጣለች። በር የሚዘጋባት ግን ስንቱ ነው!

ስፔሻሊስት አያስፈልግም አላልኩም። ልቡን የሚያመው ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ሪፈር ተጽፎለት ይሄዳል። እዚያ የተጻፈለትን መልስ ግን መሳቢያ ውስጥ አትቅበሩት፣ ለቋሚ ሐኪሙ አምጡለት። መድኃኒት በጀመረ ማግስት ትኩሳቱ አለቀቀውም ብላችሁም አትሩጡ፤ ያዘዘው ሐኪም ጋ ተመለሱ። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ያገኘውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ ብሎ ነገር የለም። ቅርብ ያለው ሆስፒታል ግቡ።

በ2016 ከፒያሳ፣ በ2017 ከካዛንቺስ ተነስታችሁ ዳር የገባችሁ ደግሞ፣ የድሮው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የልጁን የክትባት መዝገብ አስፈልጉ። የምታገኙትን በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና አዲሱ ሰፈር ላይ አንድ ቦታ ያዙ።

የመጨረሻው፦ «ልጅ ማሳከም የእናት ሥራ ነው።» አባቶች ኮሪደር ላይ ስልክ እያወሩ ይጠብቁናል። ግቡ እንጂ! ልጁን ቀን ቀን የምትይዘው ሠራተኛዋ ከሆነች እሷም ትግባ። አንድ አባት «ምግብ ላይ ችግር የለበትም፣ በደንብ ይበላል» ሲለኝ፣ ሠራተኛዋ ከኋላው ጉሮሮዋን ጠረገች። ወንበር ሰጠኋትና እሷን ጠየቅኩ። ለካ ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚውለው በጁስና በብስኩት ነው። ልታዘዝለት የነበረውን የምግብ ፍላጎት ሽሮፕ ትቼ፣ ስለ ምሳው ከሷ ጋር ማውራት ጀመርን።