ዲ.ኤስ.ፒ. ምንድን ነው? የሞተር ብስክሌት ሙዚቃ በአምፕሊፋየር ብቻ የማይስተካከልበት ምክንያት

እንደ ሃርሊ-ዴቪድሰን ስትሪት ግላይድ ወይም ሮድ ግላይድ ያለ የረጅም መንገድ ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው ሙዚቃው አልሰማ ሲለው መጀመሪያ የሚመኘው አምፕሊፋየር ነው። ካርቶኑ ላይ በደማቁ የተጻፈውን ዋት አይቶ ይገዛል፣ ያስገጥማል፣ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። አውራ ጎዳና ላይ ወጥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ግን ዘፋኙ አሁንም ነፋሱ ውስጥ ይጠፋበታል። ብዙውን ጊዜ የጎደለው ጉልበት አይደለም፤ ዲ.ኤስ.ፒ. (ዲጂታል ሲግናል ፕሮሰሰር) የሚባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ነው።

ዲ.ኤስ.ፒ. ከሬዲዮው የሚወጣውን የድምፅ ሞገድ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ እየለካ ወደ ቁጥር የሚለውጥ፣ ቁጥሮቹን በስሌት የሚያቃና፣ ከዚያም መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ቀይሮ ለአምፕሊፋየሩ የሚያቀብል ትንሽ ኮምፒውተር ነው። አንዳንዱ ለብቻው ይሸጣል፤ ሌላው ከአምፕሊፋየሩ ጋር በአንድ ሣጥን ይመጣል። የሚስተካከለው በላፕቶፕ ወይም በስልክ ነው። አምፕሊፋየር የተሰጠውን ሁሉ ሳይመርጥ ያጎላል። መምረጡና ማረሙ የዲ.ኤስ.ፒ. ሥራ ነው።

የሚታረም ነገር ደግሞ አይጠፋም። የፋብሪካው ሬዲዮ ድምፁን የሚልከው አብረውት ለተሸጡት ስፒከሮች እንዲስማማ አድርጎ ነው። መጠኑ ከፍ ሲደረግ ትንንሾቹ ስፒከሮች እንዳይበላሹ ባሱን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ በራሱ ይቀንሳል። እነርሱን አውጥቶ ውድና ጠንካራ ስፒከር የገጠመ ሰው ያው የተቀነሰ ባስ ይደርሰዋል። ዲ.ኤስ.ፒ. ይህን መዛባት ሊያካክስ ይችላል፤ ነገር ግን ሬዲዮው ባሱን የሚቀንሰው እንደ ድምፁ ከፍታ ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ የተካከለው ሌላ ቦታ ላይ ይዛባል። ስለዚህ የሬዲዮው ሶፍትዌር የሚለወጥ ከሆነ መጀመሪያ እርሱን ማስለወጥ ይሻላል።

ዋናው ጠላት ነፋስ ነው። በአውራ ጎዳና ፍጥነት በራስ ቁር ውስጥ የሚሰማው የነፋስ ጩኸት ወደ 100 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ይጠጋል፤ አብዛኛው ጉልበቱም ከ500 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) በታች፣ ማለትም ባሱ ባለበት ሰፈር ነው። እዚያ ድረስ በዋት ብቻ ለመሄድ የሚሞክር ሰው ሒሳቡን ቢሠራ ጥሩ ነው። የአምፕሊፋየር ኃይል በእጥፍ ሲጨምር የሚገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም 10 እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። 400 ዋት በትክክል የሚያወጣ ዲ ክላስ የሚባለው ኃይል ቆጣቢ አምፕሊፋየር ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ ከ30 አምፔር በላይ ይስባል። የትልልቆቹ ሃርሊዎች ዲናሞ በጠቅላላው የሚያመነጨው 50 አምፔር ገደማ ነው፤ ከዚያ ላይ መብራቱም ሞተሩም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ሙዚቃ ሁልጊዜ ጣሪያው ላይ አይቆይም እንጂ ባትሪው መንገድ ላይ በተረታ ነበር።

ጎበዝ ባለሙያ እንግዲህ ከነፋሱ ጋር ግብግብ አይገጥምም። በዲ.ኤስ.ፒ.ው አማካይነት ለስድስት ተኩል ኢንች ስፒከሮች ከ80 ወይም ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ይቆርጣል። ነጂው የማይሰማውን ባስ ለማውጣት ስፒከሩ ከንቱ መንቀጥቀጡን ያቆማል፤ የተረፈው ኃይል ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ወዳለው፣ ቃላትን ጥርት አድርጎ ወደሚያሰማው ክልል ይሄዳል። ባስ የሌለው ሙዚቃ ምኑ ሙዚቃ ነው የሚል ይኖራል፤ ቆሞ ሲያደምጥ ልክ ነው፣ ሲነዳ ግን አይደለም።

ሌላው ሥራው ማዘግየት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ 34 ሴንቲ ሜትር ለመሄድ አንድ ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ከመሪው ፊት ያሉት ስፒከሮችና በኋላ ሻንጣዎቹ ክዳን ላይ ያሉት ከነጂው ጆሮ እኩል ስለማይርቁ፣ ቅርቡን በዚያው ልክ አዘግይቶ እኩል ያደርሳቸዋል።

የአምፕሊፋየሩ ጌይን ግን በጆሮ ግምት አይስተካከልም። ጌይን የድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ ሥራው ግን የሬዲዮውንና የአምፕሊፋየሩን መጠን ማጣጣም ነው። ስፒከሮቹ ይነቀላሉ፤ የ1,000 ኸርዝ መፈተሻ ድምፅ ይለቀቃል፤ ሬዲዮው ድምፁ ሳይበላሽ ሊደርስ እስከሚችልበት፣ ለምሳሌ እስከ ሦስት አራተኛው ይከፈታል። ከዚያ ቴስተሩ በኤሲ ቮልት ላይ ሆኖ አምፕሊፋየሩ መውጫ ላይ ይያዛል። 100 ዋት ለማግኘት፣ የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም 4 ኦም ከሆነ 20 ቮልት፣ 2 ኦም ከሆነ 14 ቮልት ገደማ ሲነበብ ጌይኑን የሚያዞረው ጠመንጃ መፍቻ ይቆማል። ከዚያ በላይ ከተጠመዘዘ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፣ ስፒከሩ ይጋያል፣ ጥፋቱም በሻጩ ይላከካል።

ጋራዥ ውስጥ ያማረው ማስተካከያ መንገድ ላይ ደብዛው ይጠፋል። አብዛኞቹ ዲ.ኤስ.ፒ.ዎች ከአንድ በላይ ማስተካከያ ስለሚይዙ አንዱን ለቆመ ሞተር፣ ሌላውን ለአውራ ጎዳና ማስቀመጥ ይቻላል። ሁለተኛው የጆሮ መድፈኛን ከግምት ማስገባት አለበት። የአሜሪካው የሥራ ጤንነት ተቋም፣ ናዮሽ፣ በሚመክረው ወሰን መሠረት 100 ዴሲቤልን ያለ መድፈኛ መስማት የሚቻለው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። የስፖንጅ መድፈኛ ከወፍራሙ ይልቅ ቀጭኑን ድምፅ አብዝቶ ያፍናል። ስለዚህ የአውራ ጎዳናው ማስተካከያ ቀጭኑን ድምፅ በጥቂት ዴሲቤል ከፍ ያደርጋል፤ ቆሞ መድፈኛ ሳያደርግ የሚሰማው ሰው ግን ጆሮ ይበሳል ብሎ ማማረሩ አይቀርም።