የአጥንት መሳሳት፣ እርጅናና የዕድገት ሆርሞኖች፤ ከሰሜን ሸዋ ደጋ አንጻር

የአጥንት መሳሳት፣ በሕክምና ስሙ ኦስቲዮፖሮሲስ፣ የአጥንት መጠን እየቀነሰና የውስጥ ድሩ እየላላ ሄዶ ቆመው ሳሉ በመውደቅ ብቻ ስብራት የሚደርስበት የጤና ችግር ነው። አብዝተው የሚሰበሩት አከርካሪ፣ ከዳሌው አጠገብ ያለው የጭን አጥንት አንገትና የእጅ አንጓ ናቸው። ችግሩ ስብራት እስኪደርስ ድረስ አያምም፤ የአከርካሪ ስብራት ደግሞ ከደረሰም በኋላ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል። በመንዝ ወይም በአንኮበር የአንዲት አሮጊት ቁመት እያጠረ ወገቧም እየጎበጠ ሲሄድ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል እንጂ ስብራት ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው። አስተውሎ ላየ ሰው ግን ምልክቱ ልብሷ ላይ ይገኛል፤ ዱሮ ዙሪያውን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ይቆም የነበረው ቀሚስ ከኋላ ከፍ ብሎ ከፊት መሬት መጥረግ ይጀምራል።

አጥንት ድንጋይ ይምሰል እንጂ ዕድሜ ልኩን ሲፈርስና ሲሠራ የሚኖር ሕያው አካል ነው። ኦስቲዮክላስት የሚባሉት ሕዋሳት ያረጀውን አጥንት ያሟሟሉ፤ ኦስቲዮብላስት የሚባሉት ደግሞ በቦታው አዲስ ይሠራሉ፤ በዚህም የአዋቂ ሰው አጥንት በየዓመቱ 10 በመቶ ያህሉ ይታደሳል። በአንድ ሥፍራ ማፍረሱ በጥቂት ሳምንታት የሚያልቅ ሲሆን ያንኑ ጉድጓድ መሙላት ግን ወራት ይፈጃል፤ የእድሳቱ ፍጥነት በማናቸውም ምክንያት ሲጨምር ሳይሞላ የሚቆየው ጉድጓድ የሚበዛውም ለዚህ ነው። የአጥንት ክምችት እስከ 30 ዓመት ገደማ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ በሴቶች ላይ ደግሞ ካረጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ቅነሳው በእጅጉ ይፈጥናል።

ማረጥና የአጥንት መሳሳት የተያያዙ መሆናቸውን በ1940ዎቹ መጀመሪያ ጎላ አድርጎ ያሳየው በቦስተን ይሠራ የነበረው ሐኪም ፉለር ኦልብራይት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ በማረጥ ጊዜ የሚቀንሰው የሴት ሆርሞን፣ ኢስትሮጅን፣ ለረጅም ጊዜ የሴቶች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ኖረ። ይህን አስተሳሰብ የለወጠው በ1994 የታተመ የአንድ የ28 ዓመት ወንድ የሕክምና ታሪክ ነው። ሰውየው ቁመቱ 204 ሴንቲሜትር ደርሶ ገና ማደጉን አላቆመም ነበር፤ የወንድ ሆርሞኑ ባይጎድልም ሰውነቱ ኢስትሮጅንን መቀበል ስለማይችል የአጥንቶቹ ጫፎች አልተዘጉም፣ አጥንቱም ሳስቶ ተገኘ። ወንዱም አጥንቱን የሚጠብቅለት ኢስትሮጅን መሆኑ የታወቀው በዚህ ዓይነት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ራንክል የተባለው ፕሮቲን አፍራሾቹን ሕዋሳት እንደሚቀሰቅስ፣ ኦስቲዮፕሮቴጀሪን የተባለው ደግሞ ራንክልን ይዞ እንደሚያግድ ተደረሰበት። ኢስትሮጅን ሲጎድል ራንክል ይበረታል። በ2010 በአሜሪካ የተፈቀደው ዴኖሱማብ የተባለው መርፌ የሚሠራው ይህንኑ ራንክል በመያዝ ነው።

የጎደለውን ኢስትሮጅን መልሶ መስጠት ቀላሉ መፍትሔ ይመስል ነበር። 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት በ2002 ከታቀደለት ጊዜ በፊት ሲቋረጥ የታየው ግን ሁለት ገጽ ያለው ውጤት ነው፤ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የተባለውን ሌላ የሴት ሆርሞን ዓይነት አብሮ መውሰድ የዳሌ ስብራትን በሲሶ ያህል ሲቀንስ፣ የጡት ካንሰርን፣ የአንጎል ደም ሥር መዘጋትን (ስትሮክን) እንዲሁም የደም መርጋትን ጨመረ።

ስለ ዕድገት ሆርሞን የተደረገው ምርምርም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። በ1957 ዊልያም ሳልመንና ዊልያም ዳውሃዴይ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የዕድገት ሆርሞንን በቀጥታ የአይጥ ልም አጥንት ላይ ሲጨምሩት እምብዛም ለውጥ እንደማያመጣ፣ ሆርሞኑን ከተወጋች አይጥ የተቀዳ የደም ውሃ ግን ልም አጥንቱን እንደሚያነቃቃ አስተዋሉ። በመካከል ሌላ መልእክተኛ ነበረ ማለት ነው። ያ መልእክተኛ ዛሬ አይ ጂ ኤፍ 1 ይባላል፤ ከኢንሱሊን ጋር የሚመሳሰል፣ 70 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ በአብዛኛው በጉበት የሚመረት የዕድገት ቀስቃሽ ነው። ገንቢዎቹ ሕዋሳትም ራሳቸው ይሠሩታል፤ ከአጥንቱም ጋር አብረው ይቀብሩታል። አፍራሾቹ አጥንቱን ሲያሟሙት የተቀበረው ቀስቃሽ ይለቀቅና አዳዲስ ገንቢዎችን ወደ ሥፍራው ይጠራል፤ ስለዚህ የግንባታው ጥሪ የሚወጣው ከፍርስራሹ ውስጥ ነው። ከዕድሜ ጋር በአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ የሚለቀው የዕድገት ሆርሞን ይቀንሳል፤ በደም ውስጥ ያለው አይ ጂ ኤፍ 1ም ሆነ በአጥንት የተቀበረው እየሳሳ ይሄዳል፤ ማፍረሱ እንዳለ ሆኖ ጥሪው ይደክማል።

በ1990 ዳንኤል ሩድማንና ባልደረቦቹ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ 12 ወንዶች ለስድስት ወራት የዕድገት ሆርሞን ሰጡ፤ ጡንቻቸው ጨመረ፣ ስባቸው ቀነሰ፣ የወገብ አከርካሪያቸው ጥግግት ግን የጨመረው በ1.6 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚህ ትንሽ ጥናት ተነሥቶ እርጅናን እናቆማለን የሚል ሰፊ የመርፌ ንግድ መፈጠሩ ከማስረጃው ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም። ተከታዮቹ ጥናቶች የእግር ማበጥን፣ የመገጣጠሚያ ሕመምንና የደም ስኳር መጨመርን አሳይተዋል። በተቃራኒው በደቡብ ኢኳዶር የሚኖሩ፣ ሰውነታቸው የዕድገት ሆርሞንን የማይቀበልና አይ ጂ ኤፍ 1 እጅግ ያነሳቸው አጫጭር ሰዎች ካንሰርና የስኳር በሽታ ብዙም እንደማይይዛቸው በ2011 ተዘግቧል። አጥንትን የሚያለመልመው መልእክት የካንሰር ዕጢንም ሊያለመልም ስለሚችል፣ አረጋዊን ወደ ወጣት የሆርሞን መጠን መመለስ የአጥንት መሳሳት መደበኛ ሕክምና ሊሆን አልቻለም።

ከዕድገት ቀስቃሾቹ ይልቅ ወደ ሐኪም እጅ የደረሰው በአንገት ካሉ ትናንሽ ዕጢዎች የሚመነጨው የፓራታይሮይድ ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን ያለማቋረጥ ሲበዛ አጥንትን ያሳሳል፤ በቀን አንዴ በመርፌ ሲሰጥ ግን ይገነባል። በዚህ ላይ የተመሠረተው ቴሪፓራታይድ በአሜሪካ በ2002 ተፈቅዷል። በአጥንት ውስጥ የተቀበሩት ኦስቲዮሳይት የተባሉ ሕዋሳት ደግሞ ስክሌሮስቲን የተባለ የግንባታ ማገጃ ያመነጫሉ፤ አጥንቱ ሸክም ሲሰማው የማገጃው መጠን ይቀንሳል። ክብደት በሌለበት ጠፈር የሚቆዩ ሰዎች ከዳሌያቸው በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚሆን አጥንት የሚያጡት ሸክሙ ስለሚቀርባቸው ነው።

በሰሜን ሸዋ ገጠር እንዲህ ያለ የሸክም እጥረት የለም። ከምንጭ ውሃ በጀርባዋ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ጭኗና ዳሌዋ በየቀኑ ለመገንባት ምክንያት ያገኛሉ። ይሁን እንጂ ሸክም ያለ ካልሲየም አጥንት አይሆንም፤ የሳሳ አከርካሪ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ሰባሪ ነው። በ100 ግራም ጤፍ እስከ 180 ሚሊግራም የሚደርስ ካልሲየም ሲኖር በገብስ ያለው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ስለዚህ ጤፍ የሚያበቅለው የሞረትና ጅሩ ሜዳ እንጀራና ብርዱ ለጤፍ የማይመቸው የመንዝ ደጋ ቆሎና በሶ ለአጥንት እኩል አይደሉም። የሊጡ መቡካት ካልሲየምን የሚይዘውን ፋይቴት ስለሚቀንስ እንጀራ ተጨማሪ ብልጫ አለው። ወተትና ዕንቁላል በጾም ቀናት ከገበታ ሲነሡ የሐበሻ ጎመንና ሰሊጥ ከፊሉን ይተካሉ፤ ችግሩ ሰሊጥ ከቆላ ተገዝቶ የሚመጣ መሆኑ ነው።

ፀሐይን በተመለከተ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ቫይታሚን ዲን በቆዳ ውስጥ የሚያስገኘው ጨረር ዓመቱን ሙሉ አለ። የሚያግደው ብርዱ ነው፤ እናቶች ሕፃናትን የጠዋት ፀሐይ ሲያሞቁ፣ አረጋውያኑ ግን በጋቢ ተከናንበው ከምድጃ ዳር ይቀመጣሉ፤ የአሮጌ ቆዳም ከወጣት ቆዳ በብዙ ያነሰ ቫይታሚን ይሠራል። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ሆርሞን መሰል (ስቴሮይድ) መድኃኒት ለወራት የሚወስዱ ሰዎች ዕድሜያቸው ሳይደርስ አጥንታቸው ይሳሳል፤ ይህ ከሆርሞን ጋር ከተያያዙት መንስኤዎች ሁሉ በቀላሉ ሊከላከሉት የሚቻለው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ያወጣው መለኪያ በዴክሳ የራጅ መሣሪያ የተለካን ጥግግት ከወጣት አዋቂዎች አማካይ ጋር ያነጻጽራል፤ ቲ-ስኮር የሚባለው ውጤት አሉታዊ 2.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኦስቲዮፖሮሲስ ይባላል። ለዳሌ የተመረጠው ማነጻጸሪያ ከአሜሪካ ነጭ ወጣት ሴቶች የተወሰደ ስለሆነ ለሸዋ ሴት ሲነበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መሣሪያው በሌለበት ዕድሜ፣ የቀድሞ ስብራት፣ የወላጅ የዳሌ ስብራት፣ ክብደትና የሚወሰዱ መድኃኒቶች ተደምረው ብዙ ይናገራሉ።

ስብራት ሲደርስ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው በጣቶቹ ዳስሶ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ በቀርከሃ ጠግኖ ያስራል፤ ቦታውን ያልለቀቀ የእጅ አንጓ ስብራት በዚህ ሊድን ይችላል። ወድቃ መነሣት ያቃታት አሮጊት አንድ እግሯ ካጠረና መርገጫው ወደ ውጭ ከዞረ ግን የተሰበረው ከዳሌው አጠገብ ያለው የጭን አጥንት ሊሆን ስለሚችል ሳትታሽ፣ እግሯ ሳይጎተት፣ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መወሰድ አለባት። ከዚያ በኋላ የሚታዘዘው ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ የሚዋጠው ባለ 70 ሚሊግራም አሌንድሮኔት፣ የአጥንትን መፍረስ የሚቀንስ ክኒን፣ ነው። ዴኖሱማብ በየስድስት ወሩ መወጋቱ ምቹ ቢመስልም፣ ሲቋረጥ አፍራሾቹ ሕዋሳት በብዛት ተነሥተው አከርካሪን ሊያስሰብሩ ስለሚችሉ፣ አቅርቦቱ በማይቆራረጥበት ቦታ ካልሆነ በቀር አይመከርም። አሌንድሮኔት የሚዋጠው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ክኒኑ ጉሮሮን እንዳያቆስል ለግማሽ ሰዓት መተኛት አይፈቀድም፤ ቁርስም ሆነ ቡና የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው።